የደም ግፊት ያለበት ሰውና የላቦራቶሪው ወረቀት

ከሐኪም ቤት የሚወጣ ሰው በዛሬው ጊዜ ከመድኃኒቱ ጋራ አንድ ትንሽ ወረቀት ይዞ መውጣቱ የተለመደ ነው። በወረቀቱ ላይ በአንድ ወገን የፈረንጅ ፊደላት፣ በሌላው ወገን ቁጥሮች ተጽፈውበታል። ባለወረቀቱ የፊደላቱን ትርጉም ባያውቅም፣ ከቁጥሮቹ በአንደኛው አጠገብ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ባየ ጊዜ ልቡ መደንገጡ አይቀርም። በተለይም የደም ግፊት ያለበት ሰው «የጉበትህ ኢንዛይም ከፍ ብሏል» የተባለ እንደሆነ፣ ሐኪሙን ደግሞ ከመጠየቅ ይልቅ የግፊቱን ክኒን መተው ይቀናዋል። «ጉበቴን የበላው ይኸው ክኒን ነው» ይላል፤ ጎረቤትም ይመሰክርለታል። ክኒኑን በተወ በሳምንቱ ምንም ዓይነት ሕመም ስለማይሰማው ፍርዱ ትክክል መስሎት ይኖራል። የደም ግፊት ግን ሳያሳምም የሚሠራ በሽታ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ግማሽ አካልን ሽባ አድርጎ እስኪጥል ድረስ ድምፁን አያሰማም።

እንግዲህ በዛሬው ጽሑፋችን በደም ውስጥ የሚለኩት ኢንዛይሞች ምን እንደሆኑ፣ ግፊት ባለበት ሰው ላይ ለምን ከፍ እንደሚሉ፣ ከፍ ባሉም ጊዜ ምን እንደሚናገሩና ምን እንደማይናገሩ ለአንባቢዎቻችን በጥቂቱ ለመግለጽ እንሞክራለን። ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ እንዳንናገረው ደግሞ በአንድ ሥፍራ ላይ አቁመን ብንመለከተው ይሻላል።

መካነ ሰላም ከደሴ በስተምዕራብ፣ በአቀስታ በኩል አልፎ በሚሄደው መንገድ የሚደረስባት የደቡብ ወሎ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ጧትና ማታ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። በአካባቢዋ ደንቆሮ የሚባለው ጫካ ያለበት ብሔራዊ ፓርክና ወደ አባይ የሚወርደው ገደልና ቆላ ይገኛሉ። ደገኛው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ያመርታል። በከተማይቱ ሆስፒታል አለ፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም አንደኛው ግቢው በዚያው ስለሚገኝ ተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው ጥቂት አይደለም።

«የደም ግፊት የአዲስ አበባ ባለጸጎች በሽታ ነው» የሚለው የቆየ ወሬ ለእንዲህ ያለው ደጋ አገር የሚያዋጣ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆነው ሰዎች መካከል ከመቶው ዐሥራ ስድስት ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ይኸም ማለት አርባ ተማሪዎች ያሉበት አንድ ክፍል አድጎ፣ አግብቶና ወልዶ አገሩን በሚያገለግልበት ዕድሜ፣ ስድስት ወይም ሰባቱ በዚህ በሽታ የሚያዙ መሆናቸው ነው።

አሁን በዚያች ከተማ የሚኖር አንድ ሠላሳ አምስት ዓመት የሆነው የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አለ እንበል። ለምሳሌ ያህል ያቆምነው ሰው ስለሆነ ስም አንሰጠውም። ግፊቱ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ተለክቶ 156 በ98 ሆነ። የላይኛው ቁጥር ልብ ደሙን በሚገፋበት ጊዜ፣ የታችኛው ልብ በሚያርፍበት ጊዜ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለውን ኃይል ያመለክታል፤ 140 በ90 የደረሰ ሁሉ ግፊት አለበት ይባላል። ሐኪሙ ክኒን አዘዘለት። ከወር በኋላ ሌላ ምርመራ ሲያደርግ፣ ኤ.ኤል.ቲ. የተባለው ኢንዛይም 64፣ ኤ.ኤስ.ቲ. የተባለው 41፣ ጂ.ጂ.ቲ. የተባለው ደግሞ 118 ሆኖ ተገኘ። የደኅና ሰው ድንበር እንደ መሣሪያው ቢለያይም ለሁለቱ ወደ 40፣ ለሦስተኛው ወደ 60 ገደማ ነው። ሰውየውም ክኒኑን ሊጥል ተነሣ። ከመጣሉ በፊት ጥቂት ብንነጋገር ምን ይመስላችኋል?

ኢንዛይም የሚለው ቃል ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም፣ ነገሩ ለጠላ ጠማቂ እናቶቻችን እንግዳ አይደለም። ገብስ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ጎንቁሎ ሲደርቅ ብቅል ይባላል። ብቅሉ ተፈጭቶ ከእንኩሮው ጋራ ሲገናኝ፣ በእህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ስኳሩንም ኋላ እርሾው ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ይኸን የመለወጥ ሥራ የሚሠራው በበቀለው ገብስ ውስጥ ያለ አንድ ነገር መሆኑን ፓየንና ፐርሶ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1833 ከብቅል ለይተው አወጡት። ኩህነ የተባለው የጀርመን ሊቅም በ1877 ለእንዲህ ያሉት ነገሮች ሁሉ ኢንዛይም የሚል ስም ሰጣቸው። ቃሉን የወሰደው ከግሪክ ነው፤ ትርጉሙም «በእርሾ ውስጥ» ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ ከአውሮፓ ላቦራቶሪ ቢመጣም ሥራው በቦረና ጓዳ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል።

የሰው አካልም እንዲሁ በብዙ ሺህ ኢንዛይሞች ይሠራል። ኢንዛይም ራሱ ሳያልቅ ሌላው ነገር ቶሎ እንዲለወጥ የሚያደርግ ፕሮቲን ነው። በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራቸው እዚያው ውስጥ ስለሆነ፣ ወደ ደም የሚወጣው እጅግ ጥቂቱ ብቻ ነው። ሕዋሱ ሲጎዳና ግድግዳው ሲሳሳ ግን ኢንዛይሙ ወደ ደም ይፈስሳል። ጠላው በደኅና ጋን ውስጥ ሳለ የጓዳው ወለል ደረቅ ነው። ወለሉ ረጥቦ የተገኘ እንደሆነ አንድ ጋን መሰንጠቁን እንረዳለን፤ የትኛው ጋን እንደሆነና ማን እንደሰነጠቀው ግን ወለሉ አይነግረንም። የላቦራቶሪው ወረቀትም እንደዚሁ ነው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ፍርድ ግን አይደለም።

ይኸ ዘዴ በሕክምና ላይ የዋለው ቅርብ ጊዜ ነው። ላዱ፣ ቭሩብሌቭስኪና ካርመን የተባሉ በኒውዮርክ የሚሠሩ ሰዎች በ1954 እ.ኤ.አ. ልቡ በድንገት የተጎዳ ሰው በደሙ ውስጥ ዛሬ ኤ.ኤስ.ቲ. የምንለው ኢንዛይም ከፍ እንደሚል አስታወቁ። ብዙም ሳይቆይ ጉበት ሲታመም እንዲሁ ከፍ እንደሚል ታወቀ። በብዙ የአገራችን ወረቀቶች ላይ እስካሁን ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ. እና ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ. ተብለው የሚጻፉት፣ የነዚሁ የኤ.ኤስ.ቲ. እና የኤ.ኤል.ቲ. የድሮ ስሞቻቸው ናቸው። ሁለት ስም በማየቱ ሁለት በሽታ ያገኘው የሚመስለው ሰው ስላለ ይኸን ማስታወሱ አይከፋም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ግፊት ያለበት ሰው የጉበት ኢንዛይሙ ለምን ከፍ ይላል? ብዙ ሰው ግፊቱ ራሱ ጉበትን የሚመታ ይመስለዋል። ግፊት የሚጎዳቸው አካላት በተለይ አንጎል፣ ልብ፣ ኩላሊትና ዓይን ናቸው፤ ጉበትን የሚጎዳው ብዙ ዘመን ቆይቶ ልብን ካደከመና ደም ወደ ኋላ ተመልሶ በጉበት ውስጥ ከተጠራቀመ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በወጣት ሠራተኛ ወረቀት ላይ የሚታየው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው፣ ግፊቱንም ኢንዛይሙንም አንድ ላይ ከፍ ከሚያደርግ ሦስተኛ ነገር ነው።

ከነዚህ አንደኛው መጠጥ ነው። ከብቅሉ የመጣው ጠላና ከእሱም የበረታው አረቄ ሲበዛ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ጂ.ጂ.ቲ. የሚባለውንም ኢንዛይም ከፍ ያደርጋል። ይኸ ኢንዛይም ምስጢር የማይጠብቅ ሐሜተኛ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሰውየው ለሐኪሙ «አልፎ አልፎ ለበዓል ብቻ» ብሎ ሲናገር፣ ወረቀቱ ሌላ ነገር ይናገራል። ኤ.ኤስ.ቲ. ከኤ.ኤል.ቲ. ሁለት እጥፍ ከበለጠም ሐኪሙ ስለ መጠጥ ማሰቡ አይቀርም። ደግነቱ መጠጡ በቆመ ጊዜ ጂ.ጂ.ቲ. በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ በግማሽ እየቀነሰ ይወርዳል፤ ግፊቱም አብሮት ጥቂት ይወርዳል። ነገር ግን ሐሜተኛ ሁሉ አንዳንድ ጊዜ በሐሰት ያማል። በሐሞት መንገድ የተቀመጠ ጠጠር፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ በጉበት የተጠራቀመ ስብ፣ እነዚህም ሁሉ ይኸንኑ ኢንዛይም ከፍ ያደርጋሉ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ በሚኖርበት በወሎ፣ በሕይወቱ ጠላ ያልቀመሰውን ሰው በዚህ ቁጥር ብቻ ጠጪ ማለት ትልቅ በደል ነው።

ሁለተኛውና በመንግሥት ሠራተኛው ዘንድ እየበዛ የሄደው ነገር ቦርጭ ነው። አባቱ ከቀበሌው እስከ ገበያው ድረስ ዳገትና ቁልቁለቱን በእግሩ ይመላለስ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ከቤቱ እስከ ጽሕፈት ቤቱ በባጃጅ ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ይውላል፤ ማታ ደግሞ ከሥራ ጓደኞቹ ጋራ ጥብስ ይቀርብለታል። ትርፉ ምግብ በሆድና በጉበት ውስጥ ስብ ሆኖ ይቀመጣል። ስብ የሞላበት ጉበት ኤ.ኤል.ቲ.ንና ጂ.ጂ.ቲ.ን ከፍ ያደርጋል፤ ያው የሰውነት ውፍረት ደግሞ ግፊትንና የስኳር በሽታን ይጠራል። በአሜሪካ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ወጣቶችን ለ15 ዓመት ተከታትሎ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ጂ.ጂ.ቲ.ያቸው ከፍ ያለው ወጣቶች ኋላ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ይበልጥ የሚያገኛቸው ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ያ ምሳሌ ያደረግነው ሠራተኛ ምናልባት ወረቀቱ የሚነግረው ስለ ክኒኑ ሳይሆን ከክኒኑ በፊት ስለኖረባቸው ዐሥር ዓመታት ሊሆን ይችላል።

ጫትም አለ። በወሎ ጫት ለዱዓም ለወሬም የሚቀርብ ስለሆነ ስሙን ሳናነሣ ብናልፍ ማድላት ይሆንብናል። ጫት በሚቃምበት ሰዓት ግፊትንና የልብን ምት ከፍ ያደርጋል። በሐረር ሆስፒታሎች የተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ፣ ለብዙ ዘመን በብዛት የሚቅሙ ሰዎች ሥር በሰደደ የጉበት በሽታ ይበልጥ እንደሚያዙ አመልክቷል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እንዳይረሳ የምንፈልገው ግን ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ነው። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ከመቶ ሰው ሰባት ያህሉ ይህ ቫይረስ በደሙ ውስጥ ተገኝቷል። ክትባቱ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደው ወጣት ራሱ ፈልጎ ካልተከተበ በቀር ያልተከተበ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። እንግዲህ ኤ.ኤል.ቲ.ው ከፍ ብሎ የተገኘ ግፊተኛ፣ ክኒኑን ከመክሰሱ በፊት የዚህን ቫይረስ ምርመራ ቢጠይቅ ዋጋው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ደግሞ ምንም በሽታ የሌለበት ቁጥርም አለ። ኤ.ኤስ.ቲ. በጉበት ብቻ ሳይሆን በልብ፣ በጡንቻና በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥም ይገኛል። ከአባይ ቆላ እህል ተሸክሞ ዳገቱን ወጥቶ በማግሥቱ ደም የሰጠ ገበሬ፣ ኤ.ኤስ.ቲ.ው ከጡንቻው ወጥቶ ከፍ ሊል ይችላል፤ ሲ.ኬ. የሚባለው የጡንቻ ኢንዛይም ደግሞ ከእሱ ይበልጥ ከፍ ይላል። ገና በማደግ ላይ ያለ ተማሪም አጥንቱ ስለሚያድግ ኤ.ኤል.ፒ. የተባለው ኢንዛይም ከአዋቂ ሰው ድንበር በላይ ቢሆንበት በሽታ አይደለም። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚላክ የደም ብልቃጥም በመኪና መንገድ ላይ ሲንገላታና ሲቆይ ቀይ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ፤ ያን ጊዜ በሰውየው ደም ውስጥ ያልነበረ ቁጥር በብልቃጡ ውስጥ ይፈጠራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከፍ ያለ ቁጥር ሲገኝ አዋቂ ሐኪም መጀመሪያ የሚያዘው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ምርመራው እንዲደገም ነው።

ይኸን ሁሉ ብለን ክኒኑን ፍጹም ንጹሕ ልናደርገው አንፈልግም። ሜቲልዶፓ የሚባለውና ለነፍሰ ጡር ሴቶች የሚሰጠው የግፊት መድኃኒት አልፎ አልፎ ጉበትን እንደሚያሳምም ከጥንት የታወቀ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጡት አይሶናያዚድና ሪፋምፒሲንም እንዲሁ ስለሚያደርጉ፣ ሁለቱን በሽታዎች አንድ ላይ የሚታከም ሰው ይኸን ለሐኪሙ መንገር አለበት። መጠኑ ያልታወቀ የሥርና የቅጠል መድኃኒት የሚወስድም እንደዚሁ። በአገራችን ለግፊት በብዛት የሚሰጡት አምሎዲፒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ኢናላፕሪል ግን ጉበትን የሚያሳምሙት እጅግ በጥቂቱ ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ወይም ኤ.ኤል.ቲ. ከድንበሩ ሦስት እጥፍ ካለፈ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድና መድኃኒቱን መለወጥ አለመለወጡን ሐኪሙ እንዲወስን ማድረግ ይገባል። የኛ ሠራተኛ 64 ግን ከዚህ ሩቅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ስለ ደም ግፊት ሕክምና ባወጣው መመሪያ፣ መድኃኒት ሲጀመር ሊደረጉ የሚገባቸውን ምርመራዎች ቆጥሯል፤ እነሱም የኩላሊት፣ በደም ውስጥ ያሉ የጨው ዓይነቶች፣ የስኳር፣ የቅባት፣ የሽንትና የልብ ምርመራ ናቸው። የጉበት ኢንዛይም ከነዚህ መካከል የለም። እነዚያም ቢሆኑ ሕክምናውን የሚያዘገዩ ከሆነ መቆየት እንዳለባቸው መመሪያው ይናገራል። ደሴ ድረስ ለምርመራ መሄድ የትራንስፖርት ገንዘብና የሥራ ቀን ለሚያስከፍለው ደገኛ ይኸ ትልቅ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ደግሞ የደሴ ሆስፒታል ራሱ ተዘርፎ ነበር።

እስካሁን የተናገርንላቸው ኢንዛይሞች በአጋጣሚ ወደ ደም የፈሰሱ ምስክሮች ናቸው። አንድ ኢንዛይም ግን አለ፤ እሱ ራሱ የግፊቱ ሠሪ ነው። ታሪኩ ረዥም ቢሆንም ደስ ስለሚል በጥቂቱ እንንገረው።

በ1898 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም የሚያስተምር ቲገርስቴት የሚባል ሊቅ፣ ከተማሪው ከበርግማን ጋራ ሆኖ የጥንቸል ኩላሊት ፈጭቶ ጭማቂውን በሌላ ጥንቸል ደም ሥር ውስጥ ቢያስገባው የጥንቸሏ ግፊት ወደ ላይ ወጣ። ይኸን ነገር ሬኒን አሉት፤ ኩላሊት ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ስም ነው። ዓለሙ ግን ወሬውን ሰምቶ ዝም አለ። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ በ1934 ጎልድብላት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የውሻን የኩላሊት ደም ሥር ጠበብ አድርጎ ቢያስረው ውሻው ግፊተኛ ሆነ፤ ያን ጊዜ ሊቃውንት ወደ አሮጌው ወሬ ተመለሱ። በመጨረሻም ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ፤ ኩላሊት ደም ያነሰው ወይም ጨው የጎደለው ሲመስለው ሬኒን ወደ ደም ይልካል፤ ሬኒን ጉበት ከሠራው አንድ ፕሮቲን ቁራጭ ይቆርጣል፤ ሌላ ኢንዛይም ያንን ቁራጭ እንደገና ቆርጦ አንጂዮቴንሲን የሚባል ነገር ያደርገዋል። አንጂዮቴንሲን የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ኩላሊትም ጨውን ይዞ እንዲያስቀር ያደርጋል።

ይኸን ሁለተኛውን ቆራጭ ኢንዛይም የሚያቆመው ነገር የተገኘው ከእባብ ነው። ጃራራካ የተባለው የብራዚል እባብ የነደፈው ሰው ግፊቱ ወርዶ ይወድቃል። ፌሬይራ የተባለ ብራዚላዊ ሊቅ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የመርዙን ምሥጢር መረመረ፤ ከዚያም በአሜሪካ ኩሽማንና ኦንዴቲ የተባሉ ሰዎች ነገሩን መስለው ካፕቶፕሪል የተባለውን ክኒን ሠሩ፤ በ1981ም ለሕክምና ተፈቀደ። በመካነ ሰላም መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ኢናላፕሪል የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው።

ይኸ ታሪክ ለደገኛው ግፊተኛ ምን ይጠቅመዋል ያልን እንደሆነ፣ መልሱ በጨው በኩል ይመጣል። ጨው በብዛት የሚበላ ሰው ኩላሊቱ ጨው አልጎደለውምና ሬኒን የሚልክበት ምክንያት የለም። በአፍሪካውያን ዘንድ ሬኒኑ ዝቅ ያለ ግፊት የሚበዛ መሆኑም ከብዙ ጥናት ታውቋል። ሬኒኑ ዝቅ ያለበት ሰው ኢናላፕሪልን ብቻውን ቢውጥ ብዙ አይረዳውም፤ የደም ሥርን የሚያላላው አምሎዲፒንና ጨውን በሽንት የሚያወጣው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይበልጥ ይረዱታል። በስድስት የአፍሪካ አገሮች በ728 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት፣ አምሎዲፒን ያለባቸው የሁለት መድኃኒት ጥምሮች ከሌለበት ጥምር የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ሐኪሙ የሬኒንን መጠን በደም ሳይለካ የሚያዝዘው ለዚህ ነው፤ ምርመራው ውድ ስለሆነ በወረዳ ሆስፒታል አይገኝም፤ ባይገኝም ሕክምናው አይቆምም።

ጨው በአገራችን አንድ ጊዜ ገንዘብ ነበር። ከአፋር ሜዳ ተቆርጦ በግመልና በአህያ እየተጫነ ወደ ደጋው የሚወጣው አሞሌ እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በገበያ ይመነዘር ነበር፤ ገንዘቡን ወጥ ውስጥ የሚበትን ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን ጨው ከሸቀጥ ሁሉ የረከሰ ሆኗል። ከላይ በጠቀስነው የ2007 ዓ.ም. ጥናት የኢትዮጵያዊ የቀን ጨው በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ሆኖ ሲገኝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው ግን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይኸም አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በወሎ ገጠር ቡናን በጨው መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ሦስቱም ስኒ፣ አቦል፣ ቶናና በረካው በጨው የሚጠጣ ከሆነ፣ በርበሬውና ሽሮው ከመቆጠሩ በፊት ቡናው ብቻ ከማንኪያው ከፊሉን ይወስዳል። ልማዱን ለሚወዱ እናቶቻችን ክፉ ወሬ እንዳናመጣ እንፈራለን፤ ነገር ግን ግፊት ያለበት ሰው ስኒው ሳይጨመርበት እንዲቀዳለት ቢጠይቅ ቤቱን አያፈርስም።

አሁን ደግሞ ከዚህ በላይ የተናገርነው ሁሉ የሚገለበጥበትን አንድ ነገር ሳንናገር መዝጋት አንችልም። ኢንዛይሙ ከፍ ቢል አትደንግጡ ስንል የቆየነው ለሌላው ሰው ነው። ለነፍሰ ጡር ሴት አይሆንም።

እርግዝናው ሃያ ሳምንት ካለፈ በኋላ ግፊቷ ከፍ ያለ ሴት፣ ኤ.ኤስ.ቲ. እና ኤ.ኤል.ቲ. አብረው ከፍ ካሉ፣ ቀይ ሕዋሳቷ ከፈነዱና ደምን የሚያረጉት ትንንሽ ሕዋሳት ቁጥራቸው ከወረደ፣ ይኸ ሄልፕ የሚባል ድንገተኛ በሽታ ነው። ስሙን በ1982 እ.ኤ.አ. ዋይንስታይን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከሦስቱ ምልክቶች የእንግሊዝኛ ፊደላት አውጥቶ ሰጠው። በዚህ ጊዜ የላቦራቶሪው ወረቀት የሚነበበው በሰዓት ነው፤ ጉበቷ ሊደማ፣ አንጎሏ ሊደማ፣ ፅንሱም ሊሞት ይችላል። መድኃኒቱ ማዋለድ ነው፤ የሚጥለው በሽታ እንዳይነሣባት ደግሞ ማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጣታል። በብዙ አገሮች ተደርጎ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይኸ መድኃኒት አደጋውን በግማሽ እንደሚቀንሰው አረጋግጧል። ኤ.ኤል.ፒ. ብቻውን ከፍ ቢል ግን ከእንግዴ ልጁ የሚመጣ ስለሆነ በእርግዝና የተለመደ ነው።

ችግሩ በቤት ውስጥ የሚታየው ምልክት ሌላ ነገር መምሰሉ ነው። ሴትዮዋ ከቀኝ ጎድኗ በታች ወይም ከልቧ ሥር ያማታል፤ ያቅለሸልሻታል፤ ራሷን ያማታል፤ ዓይኗ ይደበዝዝባታል። ቤተ ሰብ «ጨጓራ ነው» ይላል፤ ፌጦ ይሰጣታል፤ እስኪነጋ ይጠበቃል። ከሩቅ ቀበሌ እስከ መካነ ሰላም፣ ከዚያም እስከ ደሴ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው «እስኪነጋ» ማለት ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የግፊት መለኪያ ስላላቸው፣ ከሃያ ሳምንት በኋላ ከጎድን በታች ሕመም ያላት ሴት ግፊቷ በዚያው ሰዓት መለካት አለበት፤ 140 በ90 ከደረሰ አምቡላንስ የሚጠራው በዚያው ሌሊት ነው። ከወለደችም በኋላ ቢሆን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች፣ ይኸው በሽታ ሊነሣ ስለሚችል፣ ገንፎው እየተበላና እልልታው እየተሰማ እያለ «ከጎኔ ያመኛል» ብትል ግፊቷ እንደገና ይለካል።